ዶራሌ የሚራገፈው ስኳርና የሩቁ ማሳ

ጅቡቲ ከተማ ስኳር አይመረትም፤ የኢትዮጵያ አስመጪ ግን ሒሳቡን የሚጀምረው እዚያ ነው። ዶራሌ ወደብ ላይ ከመርከብ የሚወርደው ጆንያ ከሸንኮራ አገዳ ይሁን ከስኳር ቀይ ሥር ቀምሶ የሚለይ የለም፤ ገበያውም አይለይም። (ስሙ ቀይ ይባል እንጂ ሥሩ ነጭ ነው።) አውሮፓ ውስጥ ቀይ ሥር ሲታመም፣ ሕመሙ በዓለም ዋጋ በኩል እኛም ዘንድ ይደርሳል።

ከበሽታዎቹ ክፉው ራይዞማኒያ ነው። ጣሊያን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ታወቀ። በሽታውን የሚያመጣውን ቫይረስ አፈር ውስጥ የሚኖር ረቂቅ ተሕዋስ ወደ ሥሩ ያስገባዋል፤ ሥሩ ጢም ያበቅላል፣ ይኮሰምናል፣ ስኳሩ ይቀንሳል። ተሸካሚው ከአሥር ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ስለሚቆይ ሰብል ማፈራረቅ አይገላግልም። የቀረው የሚቋቋም ዘር ነው።

ያን ዘር የሚለየው የመስክ ሙከራ ነው። አንድ ዝርያ በታመመ ማሳም በንጹሕ ማሳም ይዘራል፤ በሽታ የማይችል ሌላ ዝርያ ለማነጻጸሪያ ከጎኑ ይቆማል። ሲነቀል ይመዘናል፣ ስኳሩ ይለካል። በታመመው መሬት የሚያሸንፈው ዝርያ በንጹሑ ሊሸነፍ ይችላል። የሚቋቋመውን የሚዘራ ገበሬ እንግዲህ በየዓመቱ ጥቂት ምርት እየከፈለ ከትልቅ ኪሳራ ይድናል፤ ኢንሹራንስ መግዛት ነው። ኢንሹራንሱ ግን ጊዜ ያልፍበታል። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተገኘውን መከላከያ ጂን፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ የቫይረሱ አዲስ ዓይነት ሰበረው። ስለዚህ ሙከራው በየዓመቱ የሚደገም ወጪ ነው።

ፈረንሳይ በ2020 የከፈለችው በሌላ ቫይረስ ነው፤ ክሽክሽ የሚያስተላልፈውና ቅጠል ቢጫ የሚያደርገው። ክሽክሹን ይገታ የነበረው ፀረ ተባይ በ2018 ተከልክሎ ነበር፤ የሚቋቋም ዝርያ ግን ገና ገበሬው እጅ አልገባም ነበር። የቀይ ሥር ምርቷ በ30 በመቶ ገደማ ወደቀ።

የእኛ አገዳ ደግሞ በቁራጭ ስለሚተከል በሽታውም ከቁራጩ ጋር ይጓዛል። ወንጂና መተሐራ ለዓመታት ከተደገፉባቸው ዝርያዎች አንዱ፣ ቢ 52-298፣ ከባርባዶስ የመጣ ነው። ስለ ፋብሪካ ብዙ ተከራክረናል፤ ስለ ዝርያ መሞከሪያ ማሳ በጀት ግን ክርክር ሰምቼ አላውቅም።

«ታዲያ ቀይ ሥር ለምን አንዘራም?» የሚል አይጠፋም። ግብፅ ዘርታለች፤ ዛሬ ከምታመርተው ስኳር ከግማሽ በላዩ ከእሱ ነው። ዘሩን ግን ከውጭ ትገዛለች፤ የሌሎች አገሮች የሙከራ ማሳ ወጪም በዘሩ ዋጋ ውስጥ ተደምሮ፣ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል።