ጄኔሬተሩና የመንገዱ መስመር እንዳይገናኙ

ቀን ላይ መብራት ሲጠፋ የመርካቶም ሆነ የፒያሳ መንገዶች ወዲያው በጄኔሬተር ድምፅ ይሞላሉ። ዳቦ ቤቱ ሊጥ አቡክቷል፤ ፀጉር ቤቱ ደንበኛ ካስክ ሥር አስቀምጧል፤ ሥጋ ቤቱ ማቀዝቀዣው ሙሉ ነው። መብራት እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ነጋዴ የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

የአገራችን የኤሌክትሪክ ታሪክ የጀመረውም በጄኔሬተር ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከገባው። ከመቶ ዓመት በኋላም አልተላቀቅነውም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ውሃ ቀንሶ ኃይል በፈረቃ ሲታደል፣ ጄኔሬተር የሌለው ሱቅ በሩን ዘግቶ ተራውን ጠበቀ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይሁንና ከግድቡ እስከ ሱቁ ድረስ ሰብስቴሽን፣ መስመር፣ ትራንስፎርመርና ምሰሶ አለ፤ ከእነዚህ አንዱ ሲበላሽ ሰፈሩ ይጨልማል። ስለዚህ ጄኔሬተር ገና አብሮን ይኖራል። ሕንፃው ላይ እንዴት እንደሚገጠም ግን የባለሱቁ የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባም።

በጣም አደገኛው አቋራጭ በሁለቱም ጫፉ ስፒና ያለው ገመድ ነው። አንዱ ጫፍ ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላው ግድግዳው ላይ ባለ ሶኬት ይሰካል፤ ሱቁም በሙሉ ይበራል። ከግድግዳው ነቅሎ የያዘው ሰው እጅ ላይ ያለው ባዶ ብረት 220 ቮልት ይዟል። ከዚህ የከፋው ግን ከሱቁ ውጭ የሚሆነው ነው። ዋናው ብሬከር ካልወረደ ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው በኩል ወደ መንገዱ ይወጣል።

ትራንስፎርመር እንደ በር ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ ያሳልፋል። ከ15 ሺህ ቮልት መስመር ተቀብሎ በ380 እና በ220 ቮልት የሚያከፋፍለው ያው ዕቃ፣ ከሱቁ በኩል 220 ቮልት ሲገባበት ወደ ላይኛው መስመር በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይመልሳል። «የእኔ ትንሽ ጄኔሬተር ሰፈሩን አትችለውም» የሚል አለ። ሰፈሩ በሙሉ ከተጫነባት በእርግጥ ትጠፋለች። ነገር ግን መስመሩ ቅርብ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ወይም ፊውዙ ከወጣ፣ የሚጫንባት ነገር ጥቂት ስለሆነ ሳትጠፋ መስመሩን ሕያው አድርጋ ትቆያለች። የመስመር ጥገና ሠራተኛው ምሰሶ ላይ የሚወጣው ደግሞ ልክ እንዲህ ያለ ብልሽት ሲኖር ነው። ሽቦውን ከመንካቱ በፊት መፈተሽና ከመሬት ጋር ማሰር የሥራው ደንብ ነው፤ የአንድ አባት ሕይወት ግን በደንቡ ብቻ ሊንጠለጠል አይገባም። መብራት በድንገት ሲመለስም ሁለቱ ምንጮች ይጋጫሉ፤ ጄኔሬተሩ ይቃጠላል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል።

«ዋናውን ብሬከር መጀመሪያ አወርዳለሁ» ማለት በቂ መልስ አይደለም። አንድ ቀን በጥድፊያ ይረሳል፤ ሌላ ቀን ነገሩን የማያውቅ ተቀጣሪ ይሰካዋል። ደኅንነቱን መጠበቅ ያለበት የሰው ትዝታ ሳይሆን ዕቃው ራሱ ነው። ዕቃው ቼንጅ ኦቨር (መቀየሪያ) ይባላል፤ ከቆጣሪው ቀጥሎ ይገጠማል። እጀታው በአንድ በኩል የመንገዱን፣ በሌላ በኩል የጄኔሬተሩን ኃይል ያገናኛል፤ መሃል ላይ ሲሆን ሁለቱም ተቋርጠዋል። አሠራሩ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማገናኘት አይፈቅድም። ጄኔሬተሩ ያለ ጭነት ይነሳል፤ እጀታው ይዞራል፤ ከዚያ ዕቃዎቹ ከትልቁ ሞተር ጀምሮ አንድ በአንድ ይበራሉ።

የንግድ ቤት ከመኖሪያ ቤት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ዳቦ ቤትና ጋራዥ የሚጠቀመው ሦስት ፌዝ ነው፤ ተንቀሳቃሹ ጄኔሬተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጠላ ፌዝ ነው። ሦስቱን ፌዞች በአንድ ላይ አስሮ ከእሱ ጋር ማገናኘት ሁለት ጉዳት አለው። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር በፌዞቹ መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ስለማያገኝ ጭራሽ አይነሳም። ኒውትራሉም ይጨናነቃል፦ እያንዳንዱ ፌዝ 14 አምፔር ቢስብ፣ በመንገዱ ኃይል ሦስቱ አንዱ ሌላውን ስለሚያጠፋ በኒውትራል የሚመለሰው ዜሮ ያህል ነው፤ በነጠላ ፌዝ ጄኔሬተር ግን 42 አምፔር ይመለሳል። ኒውትራሉ ላይ ብሬከር ስለሌለ ሽቦው በግድግዳ ውስጥ በዝምታ ይግላል። ትክክለኛው መንገድ መብራቱን፣ ማቀዝቀዣውንና የሒሳብ ማሽኑን በአንድ ንዑስ ሰሌዳ ለይቶ ጄኔሬተሩ እሱን ብቻ እንዲመግብ ማድረግ ነው።

ሌላው የመሬት ገመድ ነው። የብዙ ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተሮች ኒውትራል ከመሬት ጋር አልታሰረም። ቼንጅ ኦቨሩ ኒውትራሉንም አብሮ የሚያዞር ከሆነ፣ የጄኔሬተሩ ኒውትራል በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቦታ ብቻ፣ ከመሬት ጋር መታሰር አለበት። አለዚያ ሰው ሲነዘር ኃይሉን በቅጽበት እንዲቆርጥ የተገጠመው ብሬከር አደጋውን አያየውም። ይህ የሠለጠነ ኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው።

የጄኔሬተሩ አቅምም ላዩ ላይ በተጻፈው ብቻ አይለካም። ከባሕር ጠለል በየ300 ሜትሩ ከፍታ ቤንዚን ሞተር 3.5 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ 5 ኪሎ ዋት የሚል ጄኔሬተር 4 ኪሎ ዋት እንኳ አይሞላም። የማቀዝቀዣ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ እንደሚስብ ሲታሰብ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጭሱ ደግሞ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ጄኔሬተር በበረንዳ፣ በደረጃ ሥር ወይም በኋላ ክፍል ውስጥ መነሳት የለበትም። ከበርና ከመስኮት ቢያንስ ስድስት ሜትር ይራቅ። ነዳጅም የሚጨመረው ጠፍቶ ሲበርድ ነው።

የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ባለው ሰው እንዲሠራ መሠረት ጥሏል። ከዚህ የሚቀጥለው እርምጃ ከባድ አይደለም። ቆጣሪ ሲገባ «ጄኔሬተር አለ ወይ? ቼንጅ ኦቨርስ?» ተብሎ ይጠየቅ። ጄኔሬተር ሻጩም ከዕቃው ጋር መቀየሪያውን አብሮ ያቅርብ፤ ባለ ሁለት ስፒና ገመድ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ፈቃዱን ይጣ። ሕንፃ አከራዮች ለተከራዮቻቸው ሁሉ የሚያገለግል አንድ የጄኔሬተር ኃይል መግቢያ ቢያዘጋጁ ወጪው ይከፋፈላል። አንድ ነጋዴ ሥራው እንዳይቆም ያለው መብት ምሰሶ ላይ ያለው ሠራተኛ በሰላም ወደ ቤቱ ለመመለስ ካለው መብት አይበልጥም፤ ሁለቱንም የሚያስከብረው መቀየሪያ ደግሞ ከጄኔሬተሩ ጋር በአንድ ቀን ሊገዛ ይችላል።