የሠራችሁት ፈዝ ፔዳል ይጮኻል? ከመጣላችሁ በፊት አድምጡት

ስልክ ሊጠራ ሲል ስፒከሩ ቀድሞ «ጥጥጥ… ጥጥጥ…» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ስልኩ ገና ሳይጠራ ስፒከሩ ነገረን ማለት ነው። የዛሬው ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፦ ጫጫታ ዝም ብሎ አይመጣም። እያንዳንዱ ድምፅ ከየት እንደመጣ ራሱ ይናገራል።

ፈዝ ፔዳል የጊታርን ድምፅ ሻካራና ወፍራም የሚያደርግ ትንሽ ሳጥን ነው። ቤት ውስጥ መሥራቱ ከባድ አይደለም። ሁለት ትራንዚስተር፣ ጥቂት ሪዚስተርና ካፓሲተር፣ ሁለት ጃክ፣ አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አለቀ። ግማሹን ዕቃ ከተበላሸ ራዲዮና ቴፕ ፈትታችሁ ታገኙታላችሁ። ጣጣው የሚጀምረው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ሰክታችሁ ስትከፍቱት ከጊታሩ ይልቅ ጫጫታው ይሰማል።

እንበልና ቅዳሜ ሸዋሮቢት ሰርግ ላይ ልትጫወቱ ቃል ገብታችኋል። ዛሬ ሐሙስ ነው። አዲስ መግዣ ብር የለም። ምን ይሻላል?

🎸 በመጀመሪያ፣ ፈዝ ለምን ይጮኻል?

ፈዝ ከጊታር የሚመጣውን ትንሽ ሲግናል እጅግ ያጎላና ጫፍ ጫፉን ይቆርጠዋል። ያ ሻካራ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ችግሩ ፔዳሉ ዜማና ጫጫታ አይለይም። በገመዱ የገባውን ሁሉ እኩል ያጎላል። ስለዚህ ያለ ፈዝ የማይሰማ ትንሽ ረብሻ ከፈዝ በኋላ ቤቱን ይሞላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ማኤስትሮ የተባለው የመጀመሪያው የገበያ ፈዝ ፔዳል የወጣው በፈረንጆቹ 1962 ሲሆን፣ በ1965 ሮሊንግ ስቶንስ «ሳቲስፋክሽን» ላይ ሲጠቀሙበት ዓለም ሁሉ ለመደው። ለእኛ ዜማም ይመቻል። ፈዝ ላይ ብዙ ክር አንድ ላይ ሲመታ ድምፁ ይደፈርሳል፣ አንድ በአንድ ሲመታ ግን ያምራል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን በአንድ በአንድ ኖታ ሞክሩትና ፍረዱ።

🔍 ብር የማያስወጡ ሦስት ፈተናዎች

መበየጃ ከማንሳታችሁ በፊት እነዚህን ሞክሩ። ሕጉ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ።

1. የጊታሩን ቮሊዩም ዜሮ አድርጉ። ጫጫታው ከጠፋ የመጣው ከጊታሩ ፒካፕ ወይም በዙሪያችሁ ካለው ነገር ነው። ካልጠፋ ወደ 2 እለፉ።

2. ፔዳሉን አውጥታችሁ ጊታሩን በቀጥታ አምፕሊፋየሩ ላይ ሰኩ። አሁንም ካለ ጥፋቱ የፔዳሉ አይደለም፤ ገመዱን ቀይሩ፣ አምፑንና መብራቱን ጠርጥሩ።

3. ፔዳሉን መልሱና አዳፕተሩን ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ። ዝም ካለ ጥፋተኛው አዳፕተሩ ነው። ርካሽ አዳፕተር ብዙ ጊዜ የራሱን ጩኸት ይዞ ይመጣል።

👂 ድምፁ ምን ይላል?

👉 «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ፦ ይሄ የመብራት ድምፅ ነው። የእኛ መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ እሱ ነው የሚሰማው። ፔዳሉ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከሆነ መከላከያ የለውም ማለት ነው። ወደ ቆርቆሮ ሳጥን አዙሩት። የብስኩት ወይም የወተት ዱቄት ቆርቆሮም ይሠራል። ዋናው ነገር ቆርቆሮው ከግራውንድ ጋር መገናኘቱ ነው። የውስጡ ሽቦ ቆርቆሮውን እንዳይነካ ደግሞ በናስትሮ ሸፍኑት።

👉 «ዝዝዝ» የሚል ቀጭን ድምፅ፦ በአቅራቢያችሁ ያለ ቻርጀር፣ ኤልኢዲ አምፖል ወይም የሶላር ኢንቨርተር ሊሆን ይችላል። አንድ በአንድ አጥፉና ስሙ። ጊታሩን ይዛችሁ ቦታችሁ ላይ ዙሩ፤ ስትዞሩ ከቀነሰ የሚገባው በፒካፑ ነው።

👉 «ጥጥጥ»፦ ስልካችሁ ነው! ከኪሳችሁ አውጥታችሁ ራቅ አድርጉት ወይም ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት።

👉 ሰው ሲያወራ ወይም ዘፈን ይሰማል፦ አትደንግጡ፣ ፔዳላችሁ ራዲዮ ሆኗል። ረጅም ገመድ አንቴና ይሆናል፣ ትራንዚስተሩ ደግሞ የራዲዮን ሥራ ይሠራል። መግቢያው ጃክ አጠገብ ከሲግናሉ ወደ ግራውንድ 100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር በይዱ።

👉 እንደ ፊሽካ ማፏጨት፦ የመውጫው ሽቦ የመግቢያውን ሽቦ ተጠግቶታል። አራርቋቸው፣ አሳጥሯቸው። የባትሪው ፕላስና ማይነስ መሃልም 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨምሩ፤ ፕላስ ማይነሱን እንዳታገለብጡ። ባትሪው እያለቀ ከሆነም ያፏጫል።

👉 ስትነኩት «ጠርጠር» የሚል፦ ያልያዘ ብየዳ ነው። ፔዳሉ እንደበራ በስቴኪኒ እያንዳንዱን ነጥብ ነካ ነካ አድርጉ። የሚጮኸውን ስታገኙ በመበየጃው አሙቁና ትንሽ ሊድ ጨምሩበት። ጥሩ ብየዳ ያበራል፣ መጥፎው ደብዛዛ ነው።

👉 ያልተቋረጠ «ሽሽሽ»፦ ትንሽ ከሆነ የፈዝ ተፈጥሮ ነው። በጣም ከበዛ ግን ትራንዚስተሩን ቀይሩ። ወይም ቀጣዩን አንብቡ።

🌡 የቆላው ጣጣ፦ ሙቀት

ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ጣርማ በርን አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጃኬት ታወልቃላችሁ። ሸዋሮቢት ስትደርሱማ ላብ በላብ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። ይሄን ልዩነት ፔዳላችሁም ያውቀዋል።

የድሮ ራዲዮኖች ውስጥ የሚገኙ ጀርመኒየም ትራንዚስተሮች፣ ለምሳሌ ኤሲ 128፣ ለፈዝ ቆንጆ ድምፅ አላቸው። ግን ሙቀት አይችሉም። ትራንዚስተሩ ተዘግቶ መያዝ ሲገባው የሚያፈስሰው ኤሌክትሪክ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጠዋት ደጋ ላይ በ15 ዲግሪ ያስተካከላችሁት ፔዳል ቀን ይፋት ቆላ ውስጥ 35 ዲግሪ ሲያገኘው ልቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ያኔ ሽሽታው ይበዛል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። ሠሪው «ተበላሸ» ይላል፤ የተበላሸ ነገር ግን የለም።

መፍትሔው፦
• ፔዳሉን ፀሐይ ላይና አምፕ አናት ላይ አታስቀምጡ።
• የምትጫወቱበት ቦታና ሰዓት ላይ ሞክሩት። የቀን ሰርግ ከሆነ ቀን ሞክሩት።
• መልቲሜትር ካላችሁ የሁለተኛውን ትራንዚስተር ኮሌክተር ለኩ። 4.5 ቮልት አካባቢ፣ ማለትም የባትሪውን ግማሽ፣ ማሳየት አለበት። ከራቀ እዚያ ያለውን ሪዚስተር በትሪመር ተክታችሁ መልሱት።
• በቋሚነት ቆላ የምትኖሩ ከሆነ እንደ ቢሲ 108 ባለ ሲሊከን ትራንዚስተር ሥሩ። ሙቀት ብዙም አይበግረውም። ብዙ ስለሚያጎላ ግን ራዲዮ ይስባል፤ የ100 ፒኮፋራዷን ዘዴ አትርሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኤሲ 128ና ቢሲ 108 ፕላስ ማይነሳቸው ተቃራኒ ነው። አንዱን በሌላው ስትተኩ ባትሪውንና ፕላስ ማይነስ ያላቸውን ካፓሲተሮች አብራችሁ አዙሩ።

⚠️ ይቺን ግን አትንኩ

«የኧርዙን እግር ቁረጠው፣ ጫጫታው ይጠፋል» የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። አንዳንዴ እውነትም ይጠፋል። ግን የጊታሩ ብረት ክር በገመዱ በኩል ከአምፑ ቆርቆሮ ጋር የተገናኘ ነው። አምፑ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ 220 ቮልት በቀጥታ ወደ ጣታችሁ ይመጣል። ያን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድላችሁ ያ ኧርዝ ነው። በሌላ እጃችሁ ማይክ ከያዛችሁ ደግሞ ኤሌክትሪኩ በደረታችሁ አልፎ ነው የሚሄደው።

ክሩን ስትነኩ ከነዘራችሁ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ወዲያው ነቅላችሁ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሩ። ፔዳሉን እንደፈለጋችሁ ክፈቱ፣ 9 ቮልት ነው። አምፑን ግን አትክፈቱ። ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

ለቅዳሜው ሰርግ እንግዲህ፦ አዲስ ባትሪ፣ አጭር ገመድ፣ ቆርቆሮ ሳጥን፣ ስልኩን ራቅ፣ ፔዳሉን ጥላ ውስጥ። በዘፈንና በዘፈን መሃል የጊታሩን ቮሊዩም ዝቅ አድርጉ። ፍጹም ጸጥ ያለ ፈዝ አትጠብቁ፣ የለም። ዜማው ጫጫታውን ከበለጠ በቂ ነው።

የእናንተ ፔዳል ምን ይላል? «እምምም» ነው ወይስ «ዝዝዝ»? ኮመንት ላይ ጻፉልን። ጊታር ለሚጫወት፣ በተለይ ኧርዝ ቆርጦ ለሚጫወት ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።