የእንቅስቃሴ ነርቭ በሽታ፦ ምርምሩ የት ደርሷል? ቤተሰብስ ምን ያድርግ?

ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ የሆነን የአንድ ወጣት ወንድማችን ጥያቄ ነው። «ኡስታዝ፣ አባቴ እጃቸው ከስቶ ማንኪያ መያዝ እንኳ አቅቷቸዋል። ምላሳቸውም ተሳስሯል። ሐኪሙ የነርቭ በሽታ ነው፣ የሚያድን መድኃኒት የለውም አለን። ጎረቤት ደግሞ ሲህር ነው ይለናል። ውጭ አገር ይድናል የሚሉም አሉ። ቤታችንን ሸጠን እንውሰዳቸው ወይ?» ሲል ጠየቀን። ለመመለስ በቅድሚያ በሽታውን ማወቅ ያስፈልጋል።

በሽታው ምንድን ነው?

ሰው እጁን ለማንሳት ሲፈልግ ትእዛዙ ከአንጎል ተነስቶ በህብለ ሰረሰር በኩል ጡንቻው ዘንድ ይደርሳል። ትእዛዙን የሚያደርሱት የነርቭ ሴሎች ሞተር ኒዩሮን ይባላሉ። በዚህ በሽታ እነዚህ ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ትእዛዝ የተቋረጠበት ጡንቻም ይዝላል፣ ይከሳል። በሽታው ብዙ ጊዜ ከእጅ ወይም ከእግር፣ አንዳንዴም ከንግግርና ከመዋጥ ይጀምራል። በመጨረሻም የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ያዳክማል።

ከዓይነቶቹ ብዙ ሰው የሚይዘው ኤ.ኤል.ኤስ. የተባለው ሲሆን ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1869 ገልጾታል። አብዛኞቹ ታማሚዎች ምልክቱ ከታየ በኋላ ከ2 እስከ 5 ዓመት ይኖራሉ። ከ10 ሰዎች አንዱ ያህል ግን ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ስቴፈን ሆኪንግ በሽታው በ21 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ተነግሮት የሞተው በ2018 ነው።

ሁለት ነገር ልብ እንበል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንዳንዶች ላይ የባሕርይና የአስተሳሰብ ለውጥ ቢታይም፣ ብዙዎቹ መናገር ሲያቅታቸው እንኳ ይሰማሉ፣ ያስተውላሉ። ስለዚህ አባትን እንደማይሰሙ ቆጥሮ በአጠገባቸው ስለ እሳቸው ማውራት ትልቅ በደል ነው።

መንስኤው

ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ያህል በቤተሰባቸው ይህ በሽታ አይታወቅም። በዘር ከሚተላለፈው ተነስተው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ኤስ.ኦ.ዲ. 1 የተባለውን ጂን፣ በ2011 ደግሞ ሲ 9 ኦ.አር.ኤፍ. 72 የተባለውን አገኙ። በ2006 ቲ.ዲ.ፒ. 43 የተባለ ፕሮቲን ከቦታው ወጥቶ በታመሙት ሴሎች ውስጥ ተከማችቶ ተገኘ። ይህ ክምችት በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ ይታያል።

ጂን ብቻውን ግን ሁሉን አይገልጽም። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው የጉዋም ደሴት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሽታው ከሌላው ዓለም በብዙ እጥፍ በዝቶ ነበር። ከአስርት ዓመታት በኋላ ቁጥሩ እጅግ ቀነሰ። የሕዝብ ጂን ደግሞ በአንድ ትውልድ አይለወጥም፤ ስለዚህ አኗኗርና አካባቢም ድርሻ እንዳላቸው ተገመተ። የደሴቲቱ ሰዎች ዱቄት የሚያወጡበት አንድ መርዛማ ፍሬ ቢጠረጠርም አልተረጋገጠም። ሲጋራ ማጨስም አደጋውን እንደሚጨምር ጥናቶች ያመለክታሉ።

እንግዲህ ጎረቤትን በሲህር መወንጀል ከየት መጣ? በሽታው በየአገሩና በየሃይማኖቱ ሰዎችን ይይዛል። ያለ ማስረጃ ሙስሊምን መጠርጠር ወንጀል ነው። ዱዓና ሩቅያ ከሕክምና ጋር አብረው ይሄዳሉ እንጂ ሕክምናን አይተኩም።

ሕክምናው

ሪሉዞል የተባለው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 ተፈቀደ። በጥናቶቹ ዕድሜን ያራዘመው ከ2 እስከ 3 ወር ያህል ነበር። ቶፈርሰን የተባለው ደግሞ በ2023 ተፈቀደ። ጎጂው ፕሮቲን እንዳይመረት የሚያግድ ሲሆን በጀርባ በኩል ወደ ህብለ ሰረሰር ፈሳሽ በመርፌ ይሰጣል። የሚሆነው ግን የኤስ.ኦ.ዲ. 1 ጂን ችግር ላለባቸው ብቻ ነው፤ እነሱም ከ100 ታማሚዎች 2 ያህሉ ናቸው። ሬሊቭሪዮ የተባለው መድኃኒት በ2022 ቢፈቀድም ሰፋ ባለ ጥናት ጥቅም ስላልታየበት አምራቹ በ2024 ከገበያ አወጣው።

ብዙም የማይወራለት እርዳታ ግን አለ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት፣ በጭንብል አየር የሚሰጥ መተንፈሻ የተጠቀሙና የጉሮሮ ጡንቻቸው ብዙ ያልተጎዳ ታማሚዎች ካልተጠቀሙት በ7 ወር ያህል በልጠው ኖረዋል፤ ኑሯቸውም ቀሏል።

ለወንድማችን መልሳችን

ቤታችሁን አትሽጡ። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ዛሬ በየትኛውም አገር የለም። በስቴም ሴል ስም ፈውስ የሚሸጡ ክሊኒኮችም ማስረጃ የላቸውም። ይልቅ አንድ የነርቭ ስፔሻሊስት ያያቸው፤ ይህን በሽታ የሚመስሉና የሚታከሙ ሌሎች ሕመሞች አሉና። ያላችሁን ገንዘብ ለመተንፈሻ እርዳታ፣ ለምግብና ለአስታማሚ አውሉት። ምግቡን ለስለስ አድርጉ፣ ቀና አድርጋችሁ አብሉ። መዋጥ ሲያቅታቸው በቱቦ ስለ መመገብ ሐኪሙን ጠይቁ። ፊደል በካርቶን ጽፋችሁ በዓይናቸው እንዲያመለክቱ አድርጉ። ሶላትም አይቀርባቸውም፤ መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ ተጋድሞ፣ በምልክትም ይሰግዳል። ውዱእ አስደርጓቸው፣ ካልተቻለም ተየሙም።

አስታማሚዋ እናትም ትደክማለች፤ ልጆችና ጀመዓው በተራ ያግዟት። አላህ (ሱ.ወ.) ለታማሚዎቻችን ሺፋውን፣ ለአስታማሚዎች ሶብሩን ይስጥልን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።