አንድ ቫዮሊን፣ ሦስት ድምፅ

ጓደኞቼ፣ ይህን ነገር ሳልነግራችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የምናውቃቸው በፒያኖ ነው አይደል? ልጅ ሳሉ ግን ቫዮሊን ተጫዋች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1923 ተወለዱ፤ በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቫዮሊኑን የያዙት እዚያ ነው። የመጀመሪያውን የቫዮሊን ዝግጅታቸውን ሲያቀርቡ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለ ፖላንዳዊ የቫዮሊን ሊቅ ዘንድ ተማሩ። ያኔ በቀን አራት ሰዓት ቫዮሊን፣ አምስት ሰዓት ፒያኖ ይለማመዱ እንደነበር ይነገራል።

እንደ እሳቸው ቫዮሊን የሚጫወት ልጅ ብዙ ጊዜ መድረክ ሲወጣ ከጎኑ ፒያኖ አለ። ፒያኖው ያጅበዋል፣ ሲደክም ይሸከመዋል፣ ሲሳሳትም በመጠኑ ይሸፍነዋል። ፒያኖውን አንሱትና ልጁን ብቻውን አቁሙት። አሁን የምነግራችሁ ሙዚቃ ለዚያ ሁኔታ የተጻፈ ነው።

ባሮክ የሚባለው ዘመን በግምት ከ1600 እስከ 1750 ያለው ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ። የዚያ ዘመን ሙዚቃ መሠረቱ ከታች የሚሄደው ወፍራም ድምፅ፣ ባሱ ነው። ከላይ ዜማው እንደልቡ ሲንሸራሸር፣ ከታች ቼሎና የፒያኖ ቀደምት የሆነው ሃርፕሲኮርድ መንገዱን ይዘውለት ይሄዳሉ። የሙዚቃ ደራሲው ዮሐን ሰባስትያን ባኽ በ1720 ለብቸኛ ቫዮሊን የጻፋቸውን ስድስት ሥራዎች (ሦስት ሶናታ፣ ሦስት ፓርቲታ) በእጁ ሲገለብጥ፣ ያለ ባስ አጃቢ መሆናቸውን ርዕሱ ላይ ጻፈ። ለዘመኑ ሰው ይህ መሠረቱን አውጥቶ ቤቱን አቁሙ እንደማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ቆመ? በሁለት ብልሃት። የመጀመሪያው የእጅ ነው። ቫዮሊን አራት ክሮች አሉት፤ ክሮቹን የምትሸከመው እንጨት ግን ጎባጣ ስለሆነች ደጋኑ እያቆየ መያዝ የሚችለው ሁለቱን ብቻ ነው። አራቱም ሲፈለጉ ተጫዋቹ የታችኞቹን ነክቶ ወዲያው ወደ ላይኞቹ ይሻገራል። ጋቦን ውስጥ ሆስፒታል ያቋቋመው ሐኪም አልበርት ሽቫይትዘር፣ የባኽ ዘመን ደጋን አራቱን ክር ባንዴ ይይዝ ነበር ብሎ ተከራክሮ ነበር። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ማስረጃ አልተገኘለትም።

ሁለተኛው ብልሃት ሥራውን ለእኛ ጆሮ ነው የሚሰጠው፤ እኔን የሚያስፈነድቀኝም ይሄኛው ነው። ዜማው ወደ ታች ዘሎ አንድ ወፍራም ድምፅ ይነካና ተመልሶ ከላይ ይቀጥላል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይወርዳል። ጆሮ ደግሞ የታችኛውን ከታችኛው፣ የላይኛውን ከላይኛው ጋር ያገናኛል። በዚህ መሀል የታችኛው ድምፅ ከቆመ ቆይቷል፤ እኛ ግን አሁንም የምንሰማው ይመስለናል። ስለዚህ ባሱ ግማሹ ክሩ ላይ፣ ግማሹ እኛ ጭንቅላት ውስጥ ነው። በባኽ ሁለተኛ ሶናታ አንዳንቴ በሚባለው ክፍል ይህን ባስ ራሱን ሳይሸሽግ ታገኙታላችሁ፤ አንዱ ደጋን ከላይ እየዘመረ ከታች እንደ ልብ ትርታ ይመታል።

እዚህ ላይ ትግራይ ውስጥ ያለ የቁሓ ሰው እጁን አውጥቶ «እኛስ ጭራ ዋጣ አለን አይደል?» ቢል እሰማዋለሁ። አማርኛ ተናጋሪው ማሲንቆ የሚለው ማለት ነው። ክሩ ጭራ፣ ደጋኑም ጭራ፤ ክሩ ደግሞ አንድ ብቻ። ጣት ክሩን በጎን ትነካዋለች እንጂ እንደ ቫዮሊን ከእንጨት ጋር አታጣብቀውም። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ዋጣው፣ ማለትም ተጫዋቹ፣ ብቻውን አይደለም። ድምፁ አለ፣ ግጥሙ አለ፣ የሚያጨበጭበው ሠርገኛ አለ። ባሮክ ቫዮሊን ላይ የቆመው ልጅ ዘፈንም ግጥምም የለውም፤ አጃቢውን ሁሉ ከአራት ክር ማውጣት አለበት። በዚህ በኩል ሁለቱን አንድ ናቸው የሚል ሰው አያሳምነኝም።

በሌላ በኩል ግን የእኛ ጆሮ ዝግጁ ነው። ጥሩ ዋጣ ያንኑ ዜማ አሥሬ ሲመልሰው አሥሩም ጊዜ አንድ እንደማይሆን እናውቃለን፤ አንዴ ያንቀጠቅጠዋል፣ አንዴ ያዘገየዋል፣ አንዴ ጫፉን ይቆርጠዋል። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ባሮክ ውስጥም ሞልቷል። ሃይንሪኽ ቢበር የተባለው ሰው በ1670ዎቹ የጻፈውን ፓሳካሊያ ውሰዱ። መሠረቱ አራት ወደ ታች የሚወርዱ ድምፆች ናቸው፣ ሌላ ምንም የለም። እነዚያው አራቱ 65 ጊዜ ይመላለሳሉ፣ ከላያቸው ያለው ግን ዕረፍት የለውም። የባኽ ሁለተኛ ፓርቲታ መዝጊያ የሆነው ሻኮንም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል፣ መሀል ላይ ከጨለማው ቅኝት ወደ ብሩሁ ይሻገርና ተመልሶ ይገባል።

የሚገርመው፣ የኋላ ሰዎች ይህን ባዶነት አልቻሉትም። የባኽ ስድስቱ ሥራዎች ተሟልተው የታተሙት በ1802፣ ከሞተ ከ52 ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ የሙዚቃ ደራሲው ሜንደልሶን ለሻኮኑ የፒያኖ አጃቢ ጻፈለት፤ ሌላው ደራሲ ሹማን ደግሞ ለስድስቱም። ሁለቱም ታላላቅ ሰዎች ናቸው፣ ግን ለእኔ አላስፈላጊ ሥራ ነው የሠሩት። ጆሮ የሚሠራውን ፒያኖው ከወሰደበት ጆሮ ምን ይሠራል?

ምክሬ ይኸውላችሁ። ሻኮን ዝነኛ ስለሆነ ብቻ በእሱ አትጀምሩ፤ ረጅም ነው፣ ሊያሰለቻችሁም ይችላል። በቢበር ፓሳካሊያ ጀምሩና አራቱን ድምፆች በቃላችሁ እስክትይዙ ስሙት። ቀጥሎ የባኽን አንዳንቴ፣ መጨረሻ ላይ ሻኮኑን። ኤርፎን አድርጉ፣ የስልክ ስፒከር ባሱን ይበላዋል። ጨርሳችሁ ስንት ቫዮሊን እንደሰማችሁ ንገሩኝ።