ቀኑ ሲያልፍ፤ ስለ በኵር ልጅና በመድኃኒት ስለሚጀመር ምጥ

በክርስቲያን ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ያለች እንደ ሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ ቀን ቈጣሪ ነው። ባል በልቡ ይቈጥራል፤ አማት ቅቤ እያነጠሩ፣ የገንፎውን እህል እያሰናዱ ይቈጥራሉ፤ ጎረቤትም በደጅ ስታልፍ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» እያለች ትቈጥራለች። የተጠበቀው ቀን ደርሶ ምጡ ሳይመጣ የቀረ እንደ ሆነ ግን ያ ሁሉ ደስታ ቀስ በቀስ ወደ ሥጋት ይለወጣል። የሚጠበቀው ልጅ በኵር ሲሆን ሥጋቱ ዕጥፍ ነው፤ እናቲቱ ከዚህ በፊት ምጥን አታውቀውምና ደኅናውን ከአስጊው የምትለይበት መመዘኛ የላትም። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ «ምጡን በመድኃኒት እናስጀምረው» ቢል ቤተ ሰቡ ምን ማድረግ ይገባዋል? መድኃኒቱን መቀበልስ እምነትን ማጕደል ነውን? በዚህ ወር ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚህ ጕዳይ ነው።

በአርሲ ምድር፣ ከአዳማ በስተ ምሥራቅ፣ የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአቦምሳ የምትኖር አንዲት ወጣት እናት በ2016 ዓ.ም. የሆነውን ነገር እንድንጽፍ ፈቅዳልናለች። ስሟ እንዳይነሣ ግን ስለ ለመነችን ቃሏን እናከብራለን። የወር አበባዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ጥቅምት 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ ስለ ነበረ ቀኑ ከልቧ አልጠፋም። አዋላጇ ነርስም ይህንኑ ቀን በካርዷ ላይ ጽፋ የመውለጃዋ ቀን ሐምሌ 22 መሆኑን ነገረቻት።

ይህ ቈጠራ እንዴት እንደሚደረግ አንባብያን ሁሉ ቢያውቁት መልካም ነው። ሐኪሞች የእርግዝናን ዘመን የሚቈጥሩት ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን አንሥተው ሲሆን፣ ልኩም 280 ቀን ወይም 40 ሳምንት ነው። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለ ሆነ ለኢትዮጵያዊት እናት ሒሳቡ እጅግ ቀላል ነው፤ በዚያ ቀን ላይ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን መጨመር ብቻ ይበቃል። በመካከሉ ጳጕሜን የገባች እንደ ሆነ ግን አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ሲሆን ስድስት ቀን ይቀነሳል። እንግዲህ ከጥቅምት 12 ተነሥቶ ዘጠኝ ወር ሐምሌ 12 ላይ ይደርሳል፤ ዐሥር ቀን ሲጨመርበት ሐምሌ 22 ይሆናል። ይህም ቀን የመጠበቂያ ምልክት ነው እንጂ የቍርጥ ቀጠሮ አይደለም፤ ብዙዎች ከዚያ ጥቂት ቀን ቀድመው ወይም ዘግይተው በደኅና ይወልዳሉ።

ሐምሌ 22 አለፈ፤ ምጥ የለም። ሐምሌ 29 ቀን 41 ሳምንት ሲሞላ ወደ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙም መርምሮ ልጁ ደኅና መሆኑን፣ ነገር ግን ከዚህ በላይ መቈየቱ እንደማይመከር አስረድቶ፣ ምጡን በመድኃኒት ለማስጀመር በማግሥቱ እንድትገባ ነገራት።

ያን ዕለት ማታ በቤቱ ውስጥ ክርክር ሆነ። አማቷ፣ ስምንት ልጆች በቤታቸው የወለዱ እናት፣ ነገሩን አልወደዱትም። «ልጄ፣ ልጅ በፈጣሪው ጊዜ ይመጣል እንጂ በመድኃኒት ይጠራል እንዴ? ፍልሰታም ከነገ ወዲያ ይገባል፤ በእመቤታችን ጾም በሰላም ትገላገያለሽ» አሉ። ጎረቤትም ምጥ ያፋጥናል የተባለ ሥር ወቅጣ አመጣች። ባል ከእናቱና ከሚስቱ መካከል ሆኖ ዝም አለ። እርሷም «ሐኪም ቤት ብሄድ እመቤታችንን ያላመንኋት መሰለኝ፤ ባልሄድ ደግሞ ልጄን የበደልሁ መሰለኝ» ስትል ነገሩን ታስታውሳለች።

በመጨረሻ የነፍስ አባታቸው ተጠሩ። ካህኑ አማትዮዋን አልገሠጹም፤ የእምነታቸውንም ጽናት አመሰገኑ። ቀጥለው ግን «እናንተ በምጥ ጊዜ የምትጠሩት ማነው?» ብለው ጠየቁ። አማትዮዋም ከእመቤታችን ጋር ፈታሔ ማሕፀን ቅዱስ ሩፋኤልን እንደሚጠሩ መለሱ። ካህኑም በመጽሐፈ ጦቢት የተጻፈውን አስታወሷቸው፤ ሊቀ መላእክት ሩፋኤል የጦቢትን ዐይን ለማዳን በቃል ብቻ ሊፈጽመው የሚችለውን ነገር የዓሣ ሐሞት እንዲቀባ በማዘዝ ፈጽሞታል። «መልአኩ ራሱ መድኃኒት ካዘዘ፣ እኛ መድኃኒትን መናቃችን ከመልአኩ በልጠን ነውን?» አሉ። መጽሐፈ ሲራክም ስለ ባለ መድኃኒት ክብር መናገሩን ጨመሩ። ቅጠሉም ሆነ ክኒኑ የፈጣሪ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑን የሚያውቅና የሚጠብቅ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው። የተወቀጠው ሥር ሳይጠጣ ቀረ። አማትም «እንግዲያስ ከአጠገቧ አልለይም» ብለው ነጠላቸውን አነሡ።

ሐምሌ 30 ቀን ጧት ገባች። በመጀመሪያ የፅንሱ የልብ ትርታ ተደመጠ፤ የማሕፀኗም በር ተመረመረ። ገና ጠንካራና ዝግ ነበር። ስለዚህ በቀጥታ ምጥ የሚያመጣ መድኃኒት አልተሰጣትም፤ በሩን የሚያለሰልስ ክኒን በትንሽ በትንሹ በየሁለት ሰዓቱ ትውጥ ጀመር። ቀኑ መሸ፤ ከወገብ የሚነሣ መጠነኛ ቍርጠት እንጂ ምጥ አልመጣም። «አንድ መርፌ ተወግቼ በአንድ ሰዓት ውስጥ የምወልድ መስሎኝ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሰውነቴ እንቢ ያለ መስሎኝ አለቀስሁ» ትላለች። ከሥቃዩ ሁሉ ይልቅ የከበዳት ይህ ያልጠበቀችው ጥበቃ እንደ ነበረ ደጋግማ ነግራናለች።

ነሐሴ 1 ቀን የማሕፀኑ በር ለስልሶ ተገኘ። የእንሽርት ውሃው ተከፈተ፤ በተሰቀለውም ግሉኮስ ውስጥ ምጥ የሚያበረታው መድኃኒት እየተንጠባጠበ ይገባ ጀመር። ከዚያ በኋላ ምጡ ቀስ ብሎ የሚመጣ እንግዳ አልሆነም፤ ደርሶ በሩን እንደሚገፋ ሰው በአንድ ጊዜ መጣ። አዋላጇ ጠብታውን እየቈጠረች፣ እጇን በሆዷ ላይ አድርጋ የምጡን ርዝመት እየለካች፣ የልጁንም ልብ እያዳመጠች ከአጠገቧ አልራቀችም። አማትዮዋም ወገቧን እያሹ «ማርያም፣ ማርያም» ይሉ ነበር። ነሐሴ 2 ቀን ሊነጋጋ ሲል ሴት ልጅ ተወለደች። ወዲያው ደም እንዳይፈስ የሚከላከል መርፌ ጭኗን ተወጋች፤ የእንግዴ ልጁም በደኅና ወጣ። አማትዮዋ እልል ብለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት፤ እርሷም «ማርያም ያኑርዎ» ለማለት ድምፅ እስኪያጥራት ድረስ ደክማ ነበር። ሕፃኗም በ80 ቀኗ፣ ጥቅምት 16 በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ተጠምቃ ክርስትና ተነሣች።

አሁን ደግሞ የነገሩን ምክንያት እንመርምር። ፅንስ የሚመገበውና የሚተነፍሰው በእንግዴ ልጅ አማካይነት ነው። ጊዜው እጅግ ሲያልፍ የእንግዴ ልጁ ኀይል እየደከመ፣ የእንሽርቱም ውሃ እያነሰ ሊሄድ ይችላል፤ አልፎ አልፎም ፅንሱ በውስጥ ሳለ ዐይነ ምድሩን አውጥቶ ወደ ሳንባው ሊስበው ይችላል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት 41 ሳምንት መሙላቷ በእርግጥ ለታወቀ እናት ምጥ ማስጀመርን ይመክራል። ከዚህም በቀር የእንሽርቱ ውሃ ፈስሶ ምጥ ሳይከተል ሲቀር፣ ወይም በእርግዝና ምክንያት የደም ግፊት ከፍ ሲል ሐኪም ይህንኑ ሊያዝ ይችላል። ያለ ምክንያት ግን፣ ለመቻኰል ወይም ቀን ለመምረጥ ሲባል፣ ከ41 ሳምንት አስቀድሞ እንዲደረግ ድርጅቱ አይመክርም።

በግሉኮሱ ውስጥ የሚገባው መድኃኒት ኦክሲቶሲን ይባላል። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «ፈጣን ልደት» ማለት ነው። ይህ ነገር ባዕድ አይደለም፤ የእናት አካል ራሱ በምጥና በማጥባት ጊዜ የሚያመነጨው ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል እ.ኤ.አ. በ1906 ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ የተገኘ ጭማቂ ማሕፀንን እንደሚያኰማትር አስተዋለ። ከዚያ ወዲያ ሐኪሞች ከእንስሳት ዕጢ የተወሰደውን ጭማቂ ይጠቀሙ ነበር፤ ኀይሉ ግን አንዴ በርትቶ አንዴ ደክሞ ስለሚገኝ አደጋ ነበረበት። አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪንዮ እ.ኤ.አ. በ1953 መድኃኒቱን በቤተ ሙከራ ለመሥራት በመቻሉ መጠኑ የታወቀ ሆነ፤ በ1955ም የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

መጠኑ የታወቀ ሆነ ማለት ግን አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ምጡ ያለ ዕረፍት ይደራረብና ፅንሱ አየር ያጥረዋል፤ ማሕፀንም ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ ይህን መድኃኒት የምትወስድ እናት ለብቻዋ መተው እንደማይገባት የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠነቅቃል። ለማለስለሻ የሚሰጠው ሚሶፕሮስቶል የተባለው ክኒንም ቀድሞ በቀዶ ጥገና ለወለደች እናት ምጥ ለማስጀመር አይሰጥም። በቤት ውስጥ ምጥ ለማፋጠን መርፌ እወጋለሁ የሚል ሰው ቢመጣ ከበራፍ መመለስ ይገባል። ሥርና ቅጠልም እንዲሁ ነው፤ ማሕፀንን የማኰማተር ኀይል ያለው እንደ ሆነ መጠኑን የሚለካ የለም። አስቀድሞ የተወሰደ ነገር ካለም ሳያፍሩ ለአዋላጇ መናገር ነፍስ ያድናል።

አንዳንድ ጊዜም ይህ ሁሉ ተደርጎ ምጡ ሳይገፋ ይቀርና ልጁ በቀዶ ጥገና ይወጣል። በዚህ መንገድ የወለደች እናት ከእናትነቷ አንዳች አይጐድልባትም። ዘመድም «ማማጥ አቃታት» የሚለውን ክፉ ቃል ከአፉ ሊያርቅ ይገባዋል።

ይህን ሁሉ አጥብቀን የምንጽፈው በከንቱ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ100,000 ሕያዋን ልደቶች 871 እናቶች ይሞቱ እንደ ነበረ ተገምቷል፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ቍጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በ1992 ዓ.ም. ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ በ2011 ዓ.ም. ጥናት 48 ደርሰዋል። መሻሻሉ ታላቅ ነው፤ የቀረው ሐዘንም ታላቅ ነው። ምጥ በቤት ውስጥ ለቀናት የቈየባቸው፣ ልጃቸውን አጥተው ራሳቸውም በፌስቱላ የተጐዱ እናቶችን ለመርዳት ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። በ2007 ደግሞ በስማቸው የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጕዳቱን ከማከም ጋር ከመነሻው መከላከል እንደሚገባ ሥራቸው አስተምሯቸዋልና።

እንግዲህ ለክርስቲያን ቤተ ሰቦች የምንመክረው ይህ ነው። የመጨረሻው የወር አበባ ቀን ከእናቲቱ ልብ ሌላ በወረቀት ላይም ይጻፍ፤ ቀኑ ካልታወቀ 41 ሳምንት መሙላቱም አይታወቅምና። ሐኪም ቤት ሩቅ የሆነባት ነፍሰ ጡር ቀኑ ሳይደርስ በጤና ተቋም አጠገብ ባለ የእናቶች ማረፊያ ወይም በዘመድ ቤት ትሰንብት። ምጥ በመድኃኒት እንዲጀመር ሲታዘዝ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ፣ ስንት ጊዜ ሊፈጅ እንደሚችል፣ ካልተሳካም ምን እንደሚከተል በትሕትና ይጠየቅ፤ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ሊፈጅ እንደሚችል አስቀድማ ያወቀች እናት በሌሊቱ ተስፋ አትቈርጥም። የፅንሱ እንቅስቃሴ የቀነሰ፣ ደም የታየ፣ ወይም ራስ ምታት ከዐይን ብዥታ ጋር የመጣ እንደ ሆነ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወዲያው መሄድ ያስፈልጋል። ስለ ጾምም ነፍሰ ጡሯ በራሷ ፈቃድ ሰውነቷን ሳትጐዳ የነፍስ አባቷን ታማክር።

ባሎች ሆይ፣ በእናትና በሚስት መካከል ዝም ማለት ሰላም አይደለም፤ መኪናውን ፈልጉ፣ ገንዘቡን አዘጋጁ፣ ቃላችሁንም አሰሙ። አማቶችና እናቶች ሆይ፣ ያለ እናንተ እጅና ያለ እናንተ ጸሎት ምጥ ይከብዳል፤ ቦታችሁ በአልጋው አጠገብ ነውና ከዚያ አትጥፉ። «ማርያም፣ ማርያም» የሚለው ጥሪ በቤትም ሆነ በሐኪም ቤት ያው ነው፤ ሰሚዋም ያችው እመቤት ናት። በዚህ ወር ቀናቸውን ለሚጠብቁት ሁሉ በሽልም ታውጣቸው።