የዲጄው መጋዘንና መዝገቡ

የጥር ወር በአዲስ አበባ የሰርግ ወር ነው። አዳራሽ የሚያከራየው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ምግብ የሚያዘጋጀው፣ ቪዲዮ የሚያነሣውና ሙዚቃ የሚያሰማው ሁሉ የዓመት ገቢውን ትልቅ ድርሻ የሚሰበስበው በዚህ ወር ስለ ሆነ፣ በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚፈጸም ስሕተት በቀላሉ የሚካስ አይደለም። ከእነዚህም ባለሞያዎች መካከል በዘመኑ አጠራር ዲጄ የሚባለው ሙዚቃ አጫዋች ሥራውን የሚያከናውነው በሕዝብ ፊት ነው። የወጥ ቤቱ ጉድለት በጓዳ ሊሸፈን ሲችል፣ የዲጄው ጉድለት ግን ወዲያው ለሁሉ ይሰማል።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ አንድ የሙሽራ አባት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ ዲጄው ጠረጴዛ ቀረቡ እንበል። «ልጄ፣ እስቲ ያችን የጥላሁንን የድሮዋን አሰማን፤ እኔና እናቱ ስንጋባ የነበረችውን» ይላሉ። ዲጄውም «እሺ አባባ፣ አሁኑኑ» ብሎ ወደ ኮምፒዩተሩ ይዞራል። በኮምፒዩተሩ ውስጥ 12,000 ዘፈን አለ። «ጥላሁን» ብሎ ቢጽፍ ዘጠኝ ዘፈን ብቻ ይወጣለታል፤ የሚፈለገው ግን ከዘጠኙ አንዱ አይደለም። የቀሩት በላቲን ፊደል፣ ያውም በሦስትና በአራት ዐይነት አጻጻፍ ተበታትነዋል። ከእነርሱም የሚበልጡት «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» ከመባል በቀር ስም የላቸውም። ሁለት ደቂቃ ያልፋል፤ ሦስተኛው ይከተላል። አባትየው አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። በአዳራሹ ከተቀመጡት እንግዶች መካከልም በሚቀጥለው ሳምንት ልጃቸውን የሚድሩ፣ ዲጄም ገና ያልተዋዋሉ ሰዎች አሉ።

ዘፈኑ በክምችቱ ውስጥ ነበረ። የጎደለው ዕቃው ሳይሆን መዝገቡ ነው። ቆጠራ ያላደረገ ባለመደብር መደርደሪያው ላይ ያለውን ሸቀጥ «የለም» ብሎ ደንበኛውን ወደ ጎረቤት ሱቅ የሚሰደው በዚህ ዐይነት መንገድ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ለነጋዴ እንግዳ አይሆንበትም።

ቀድሞ ይህ ችግር እምብዛም አልነበረም፤ ሙዚቃው ራሱ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ነበርና። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ ማሳተም ሥራ ሲጀምሩ፣ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት ብቻ የተሰጠ ነበር። እርሳቸው ግን ደፍረው ሥራውን ወደ ውጭ ሀገር እየላኩ በማሳተም፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን ለገበያ አቅርበዋል። በእያንዳንዱ ሸክላ መካከል በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ርእስ፣ የአሳታሚው ስምና ተራ ቁጥር ታትሞ ይገኝ ስለ ነበር፣ ሻጩ በቁጥር ይደረድረዋል፤ ገዢውም በቁጥር ይጠይቃል። ሸክላው በካሴት ሲተካም ካሴቱ ቢያንስ ሽፋን ነበረው። ሙዚቃው ከዕቃነት ወጥቶ ፋይል በሆነ ጊዜ ግን፣ ከአካሉ ጋር ስሙም ተለየው። በየሰፈሩ ሱቅ በፍላሽ የተሞላው ዘፈን ሲሸጥና ሲገለበጥ፣ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ፣ ማን እንደ ዘፈነውና መቼ እንደ ወጣ የሚናገር ወረቀት አብሮት አልሄደም።

ብዛቱም ችግሩን አባባሰው። በ320 ኪሎቢት ጥራት የተቀዳ የአራት ደቂቃ ዘፈን 9.6 ሜጋባይት ያህል ቦታ ስለሚይዝ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ከ6,000 ያላነሰ ዘፈን ይሸከማል። ይህን ያህል ሸክላ አንድ ሰው በእጁ ሊሸከመው ባልቻለ ነበር።

ለዲጄዎች ሥራ ከተዘጋጁት ፕሮግራሞች መካከል በይበልጥ የታወቁት የበርሊኑ ትራክተር፣ የኒውዚላንዱ ሴራቶና የጃፓኑ ፓዮኒር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ሬኮርድቦክስ ናቸው። ሴራቶ የዘፈን ዝርዝሮቹን «ሳጥን» በሚል ቃል ይጠራቸዋል፤ ይኸውም ዲጄዎች ሸክላቸውን በሳጥን ተሸክመው ይዞሩበት የነበረው ዘመን ትዝታ ነው። ሁሉም ፕሮግራሞች ክምችቱን እንደ ሒሳብ መዝገብ በዐምድ በዐምድ ከፍለው ያሳያሉ፤ ርእስ፣ ዘፋኝ፣ አልበም፣ ዓመት፣ ዐይነት፣ የምት ፍጥነት፣ አስተያየት። ማጣሪያው የሚሠራው በእነዚህ ዐምዶች ላይ ነው። ለምሳሌ «ዐይነቱ ጉራግኛ የሆነ፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ120 ምት በላይ የሆነ» ተብሎ ቢታዘዝ፣ ከ12,000 መካከል የሚገባውን ብቻ ለይቶ በቅጽበት ያቀርባል። ከዚህም አልፎ ትእዛዙ አንድ ጊዜ ተጽፎ ከተቀመጠ፣ ወደ ፊት የሚገባው አዲስ ዘፈን ሁኔታውን ካሟላ ራሱ ወደ ዝርዝሩ ይገባል። ሴራቶና ሬኮርድቦክስ ይህ አገልግሎት አላቸው። ብዙዎች የሚሳሳቱት «ሁሉንም የሚያሟላ» እና «አንዱን ብቻ የሚያሟላ» በሚሉት ሁለት ምርጫዎች ላይ ነው። ሁለተኛውን በመጀመሪያው ፋንታ የመረጠ ሰው፣ ጉራግኛውን ሁሉና ፈጣኑን ሁሉ አንድ ላይ አፍስሶ ተመልሶ ከክምሩ ውስጥ ይገባል።

ሆኖም ማጣሪያው ከጥቂት ነገር በቀር ስለ ዘፈኑ የሚያውቀው የተጻፈለትን ብቻ ነው። ያልተጻፈ ከሆነ ዘፈኑ ቢኖርም እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ጽሑፉ የሚያርፍበትን ቦታ ያዘጋጁት ሰዎች በበኩላቸው ስለ እኛ ገበያ አላሰቡም። እ.ኤ.አ. በ1996 ለኤም.ፒ.3 ፋይል የተፈጠረው የመጀመሪያው መለያ በፋይሉ መጨረሻ የሚለጠፍ 128 ባይት ብቻ ነበር፤ ለርእስ 30፣ ለዘፋኝ 30፣ ለአልበም 30፣ ለዓመት 4። ለዘፈን ዐይነት የቀረቡት ምርጫዎች 80 ነበሩ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ፖልካ አለ፤ ትዝታና እስክስታ ግን የሉም። የእኛ ሙዚቃ ሁሉ «ኤትኒክ» በሚለው አንድ ከረጢት ውስጥ እንዲታጨቅ ምክንያት የሆነው ይህ ነው። የግእዝ ፊደል ራሱ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ መለያው ሰፍቷል፤ ፊደላችንንም ይቀበላል፤ የዐይነቱን ስም ባለቤቱ እንደ ወደደ መጻፍ ይችላል። የድሮው ልማድ ግን በብዙ ፋይል ላይ እንደ ተለጠፈ ቀርቷል።

የስም ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ያባክናል። ጥላሁን ገሠሠ በአንድ አሳታሚ ዘንድ አንድ ዐይነት፣ በፈረንሳይ ሀገር በታተሙት የኢትዮጲክስ ሲዲዎች ላይ ደግሞ በሌላ ዐይነት የላቲን አጻጻፍ ተጽፈዋል። የሙላቱ አስታጥቄና የዓለማየሁ እሸቴ ስሞችም እንዲሁ። ኮምፒዩተሩ እነዚህን እንደ ልዩ ልዩ ሰዎች ይቆጥራቸዋል። በዋሽንግተን ለኢትዮጵያውያን ሰርግ የሚያጫውት ዲጄ በላቲን ፊደል ቢጽፍ ይህ ይገጥመዋል፤ በአዲስ አበባ በአማርኛ የሚጽፈውም ቢሆን አያመልጥም፤ «ሰርግ» እና «ሠርግ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ቃላት ናቸውና። መፍትሔው አንድ አጻጻፍ መርጦ በእርሱ መጽናት ነው። የትኛው ትክክል ነው በሚለው ክርክር ውስጥ መግባት ለሊቃውንት ይተው፤ ለመዝገብ የሚጠቅመው አንድ መሆኑ ነው። የላቲኑን አጻጻፍ ለሚፈልግም በአስተያየት ዐምድ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ማጣሪያው ያንንም ይፈልጋልና። በተጨማሪም የውጭ ሀገር ሰዎች የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም እየቆጠሩ ማሕሙድ አሕመድን ከ«አ» ጋር የሚያስቀምጡበት ጊዜ ስላለ፣ ከውጭ የተገዛ ክምችት ሲገባ ይህን መመልከት ይበጃል።

ዓመቱም ከስሙ የማይተናነስ ወጥመድ ነው። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ተጫውተው በካሴት ያወጡት ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ አሳታሚ እንደገና ታትሞ በዓለም ገበያ ተሸጧል። እንግዲህ ካሴቱን በእኛ አቆጣጠር የመዘገበ ሰው 1977 ይላል፤ በአውሮፓውያን የመዘገበ 1985፤ አዲሱን እትም የገዛ ደግሞ 2013። አንድ ሥራ ሦስት ዕድሜ አገኘ ማለት ነው። «የሰማንያዎቹን አምጣ» ተብሎ የታዘዘ ማጣሪያ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ሲያገኝ፣ «የሰባዎቹን» የተባለው ደግሞ የማይገባውን ይጨምራል። ስለዚህ በዓመት ዐምድ ውስጥ ሙዚቃው መጀመሪያ የወጣበትን ዘመን በአንድ አቆጣጠር ብቻ መጻፍ፣ የድጋሚ እትሙን ዘመን ወደ አስተያየት ማሻገር ያስፈልጋል።

ፍጥነቱን ፕሮግራሙ ራሱ አዳምጦ ይቈጥራል፤ ዳሩ ግን የተማረው በአራት በአራት የሚረገጠውን ምት ነው። ስድስት ስምንተኛ በሆነው ችክችካ ላይ 120 የሚገባውን 180 ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የድሮዎቹ ባንዶች ከበሮ በሰው እጅ የተመታ ስለ ሆነ በዘፈኑ መካከል ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ቅኝቱንም በሚመለከት፣ ፕሮግራሙ ከሚያውቃቸው 24 የአውሮፓ ቅኝቶች ውጭ ሌላ ስለማይጠቅስ፣ ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በሰው እጅ ካልተጻፉ አይገኙም።

ከዐምዶቹ ሌላ ዲጄው ራሱ የሚያወጣቸው መለያዎች አሉ። ሬኮርድቦክስ ለዚህ አራት ክፍሎች ሰጥቶአል። በዚህ ላይ የሚታየው ስሕተት መለያ ማነስ ሳይሆን መለያ መብዛት ነው። «አስደሳች»፣ «በጣም አስደሳች»፣ «ሞቅ ያለ» የሚሉ ቃላትን ያበዛ ሰው ከአንድ ወር በኋላ ልዩነታቸውን ራሱ ይረሳዋል። ደንበኛ የሚጠይቅበትን ቃል መለያ ማድረግ ግን ይሠራል፤ ሙሽራ ሲገባ፣ ምሳ ሲበላ፣ ሽማግሎች ሲጨፍሩ፣ ወጣቶች ሲጨፍሩ፣ ኬክ ሲቈረስ፣ ሽኝት። ከእነዚህ ጋር የብሔረሰቡን ጭፈራ ስም ያጣመረ ዲጄ «ሽማግሎች» እና «ወሎ» የሚሉትን ሁለት መለያዎች ሲነካ፣ የቀረቡለት ሃያና ሠላሳ ዘፈኖች ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ጆሮው ነው።

አንድ ነገር በብርቱ ሊታሰብበት ይገባል። እነዚህ መለያዎች የሚቀመጡት በዘፈኑ ፋይል ላይ ሳይሆን በፕሮግራሙ የራሱ መዝገብ ውስጥ ነው። ፕሮግራሙን የለወጠ ወይም ኮምፒዩተሩ የተሰረቀበት ሰው ዘፈኑ ቢተርፍለትም የዓመታት ድካሙን ያጣል፤ ይህም ጸሐፊው ከሥራ ሲሰናበት ደብተሩን ይዞ እንደ ሄደበት ነጋዴ ያደርገዋል። ሬኮርድቦክስ ላይ መለያዎቹ በአስተያየት ዐምድም እንዲገለበጡ የሚያደርግ ምርጫ አለና እርሱን መክፈት ይገባል። ፋይሉን ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ማዛወርም እንዲሁ ጣጣ አለው፤ መዝገቡ የቀድሞውን አድራሻ ብቻ ስለሚያውቅ፣ በዘፈኑ አጠገብ የቃለ አጋኖ ምልክት አድርጎ ዝም ይላል። ስለዚህ መጋዘኑን አንድ ጊዜ አደላድሎ፣ ሁለተኛ ቅጂውን በሌላ ዲስክ፣ በሌላ ቤት ማኖር ነው።

ዘፈኑ ከየት እንደ ተገዛም ቢመዘገብ መልካም ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የዘፋኙንና የአሳታሚውን መብት ስለሚጠብቅ፣ ያለ ደረሰኝ የገባ ዕቃ በሌላው ንግድ የሚያመጣው ጣጣ በዚህም አለ።

የሥራው ጊዜ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ በተፈጥሮው የተመደበ ይመስላል። ከኅዳር 15 ቀን እስከ ታኅሣሥ 28 ቀን ድረስ የነቢያት ጾም ስለ ሆነ ሰርግ አይደረግም፤ ብዙው የሰርግ ዲጄ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ይህ 44 ቀን ነው። በየማታው 70 ዘፈን የሚመዘግብ ሰው ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ቢያጠፋ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል ያነሰ ጊዜ ይፈጅበታል፤ በገና ዋዜማም 3,080 ዘፈን መዝግቦ ይገኛል። ከ12,000 ክምችት ውስጥ በእርግጥ በሰርግ ላይ የሚጠየቀው ከዚህ ስለማይበልጥ፣ የቀረውን ወደ ሌላ ፎልደር አግልሎ ለዐቢይ ጾም ማቆየት ይቻላል።