ማን ይቀጠራል፣ ማን ይሰናበታል? የጅቡቲ ከተማ የቆየ ጥያቄ

ማዳበሪያ የጫነ መርከብ ጅቡቲ ወደብ ሲደርስ ዕቃው በአብዛኛው ብትን ነው። እዚያው ወደቡ ላይ በከረጢት ይሞላል፣ አፉ ይሰፋል፣ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ በሚነሳው ተሳቢ ላይ ይደረደራል። ሥራው ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ የሚጠይቀው ግን መርከቡ እስኪራገፍ ድረስ ብቻ ነው። ነገ ሌላ መርከብ ሊመጣ ይችላል፤ ሳምንቱን ሙሉ ላይመጣም ይችላል። ስለዚህ የቀን ሠራተኛው በር ላይ ይቆማል፤ ከበሩ ወዲያ ያለ አንድ ሰው ደግሞ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚመለስ ይወስናል። በጅቡቲ ከተማ ስለ ቅጥርና ስንብት ፍትሕ ከሠላሳ ዓመት በላይ የዘለቀው ክርክር ሥሩ እዚህ በር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከተማዋ በበረሃና በባሕር መካከል ያለች ናት፤ እርሻ የላትም፣ ይህ ነው የሚባል ፋብሪካም የላትም። ነዋሪው የሚተዳደረው ከወደቡ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ከባቡሩ፣ ከውጭ ጦር ሰፈሮችና በእነዚህ ዙሪያ ከተኮለኮሉ ድርጅቶች በሚያገኘው ገቢ ነው። ከኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈውም በዚሁ ወደብ ነው። የአንድ ሰው ደመወዝ ሚስትና ልጅ ብቻ ሳይሆን ዘመድ አዝማድ ያሳድራል። እንዲህ ባለ ከተማ የሰው ሀብት ክፍል ኃላፊ የሚይዘው እስክሪብቶ ከባድ ነው። አንድ ስም ሲጽፍ አንድ ቤት ያበላል፤ አንድ ስም ሲሰርዝ አንድ ቤት ያስርባል፤ ይህንንም ሠፈርተኛው ሁሉ ያውቃል።

ነገሩ የጅቡቲ ብቻ አይደለም። በዓለም ዙሪያ ወደቦች ይህንኑ በር አይተውታል። የለንደን ወደብ ሠራተኞች በ1889 አድማ ሲመቱ ከጠየቁት መካከል አንዱ ከአራት ሰዓት ላነሰ ጊዜ ማንም እንዳይቀጠር ነበር፤ ለአንድ ሰዓት ሥራ ሙሉ ቀን መቆም ሰልችቷቸው ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ከአዋጅ ቁጥሮቹ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በኒውዮርክ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በተሰለፉት መካከል ከደመወዙ ለአለቃው ለመክፈል የተስማማ ሠራተኛ ጆሮው ላይ ስንጥር ይሰካ ነበር፤ አለቃው ስንጥሩን አይቶ ይመርጣል። ይህ ዓይነቱ ምርጫ በሕግ የተከለከለው በ1953 ነው። እንግሊዝ ከ1947 ጀምሮ የወደብ ሠራተኞችን በመዝገብ አስፍራ በተራ የሚመደቡበትን ሥርዓት ዘረጋች። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ1973 ባወጣው ቁጥር 137 ስምምነት የወደብ ሠራተኞች መዝገብ እንዲኖርና የተመዘገቡት ቅድሚያ እንዲያገኙ አስቀመጠ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው መፍትሔው ደግ አለቃ መፈለግ እንዳልነበረ ነው። መፍትሔ የሆነው መዝገቡና ተራው ናቸው። በጅቡቲ ከተማ ይህ ይበልጥ ይሠራል። አፋር ይሁን ሶማሌ፣ የመናዊ ይሁን ኢትዮጵያዊ፣ ሥልጣን እያለው ዘመዱን ያላስቀጠረ ሰው በለቅሶ ቤትና በሠርግ ላይ ፊት ይነሳል። በእኛም አገር «የውስጥ ሰው አለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከትምህርት ማስረጃ ቀድሞ የሚጠየቅበት መሥሪያ ቤት አይጠፋም። የአጎቱ ልጅ ደጅ ሲጠና አንድ የሰው ሀብት ሠራተኛ ብቻውን ጀግና እንዲሆን መጠበቅ ግፍ ነው። መስፈርቱ አስቀድሞ ተለጥፎ ከሆነ፣ ፈተናውን ሦስት ሰዎች አርመውት ከሆነ፣ ውጤቱ በሰሌዳ ላይ በይፋ ከወጣ ግን «እኔ ምን ላድርግ፣ ሁሉም አይቶታል» ማለት ይችላል። የሙያው ሥነ ምግባር ሰውየውን ከራሱ ዘመድ ሊጠብቀው ይገባል።

ቅጥሩ ይህን ያህል ካከራከረ ስንብቱ የበለጠ አከራክሯል። በመስከረም 1995 የጅቡቲ ሠራተኞች የመንግሥትን የወጪ ቅነሳ እርምጃዎች በመቃወም አጠቃላይ አድማ መቱ። ተከትሎም የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች ከሥራ ተባረሩ፤ ከእነዚህ ውስጥ የጅቡቲ የሥራ ኅብረት መሪ አዳን መሐመድ አብዱና የጅቡቲ ሠራተኞች ጠቅላላ ኅብረት መሪ ካሚል ዲራኔህ ሐሬድ ይገኙበታል። አቤቱታው ጄኔቫ፣ የዓለም የሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ ዘንድ ደረሰ። ኮሚቴው የተባረሩት ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ደጋግሞ ጠየቀ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ የአንዳንዶቹ ጉዳይ ከአሥር ዓመት በኋላም አልተቋጨም ነበር። በ2005 ደግሞ የወደቡ ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ ብዙዎች ታሰሩ፣ የማኅበር መሪዎችም ተሰናበቱ፤ ይህም በኮሚቴው ዘንድ በቁጥር 2450 የተመዘገበው አቤቱታ አካል ሆነ።

ስለነዚህ ዓመታት ሲወራ የሚነሳው መንግሥትና ማኅበራቱ ናቸው። እኔ ግን ዓይኔ የሚያርፈው በመካከል ባለው ቢሮ ላይ ነው። ማንኛውም ስንብት ወረቀት ይፈልጋል። አንድ ሰው ደብዳቤውን ያረቅቃል፣ ሌላው ይፈርማል፣ ሌላው ከግል ማኅደሩ ጋር ያያይዘዋል። አድማ የተመታበትን ቀን «ያለ ፈቃድ ከሥራ ቀርቷል» ብሎ መዝገብ ላይ ማስፈር ቀላል ነው፤ አንዴ ከሰፈረ በኋላ ግን ፍርድ ቤትም፣ የሥራ ተቆጣጣሪም፣ ጄኔቫ ያለው ኮሚቴም የሚያነበው ይህንኑ ነው። የሰው ሀብት ባለሙያ አለቃው የወሰነውን ማስቀረት ላይችል ይችላል። የውሸት ምክንያት አልጽፍም ማለት ግን ይችላል፤ የሙያው ክብር የሚለካው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሠራተኛው ጉዳይ ከዓመታት በኋላ እንደገና ቢታይ እውነቱን የያዘ ፋይል ካለ መልስ ይገኛል፤ ፋይሉ ከተበላሸ ሰውየው ዳግመኛ ተባረረ ማለት ነው።

ሕጉም ቢሆን ብዙ አላገዘም። ጅቡቲ በ1977 ነፃ ብትወጣም ፈረንሳይ በ1952 ለቅኝ ግዛቶቿ ያወጣችው የሥራ ሕግ እስከ 2006 ሲሠራበት ቆየ። በ2006 የወጣው አዲሱ ሕግ ሲመጣ አንቀጽ 41 ሌላ ቅሬታ አስነሳ፤ የማኅበር ኃላፊነት የያዘ ሠራተኛ የሥራ ውሉ እንዲታገድ የሚያደርግ ነበርና። የዓለም የሥራ ድርጅት ባለሙያዎች አንቀጹ እንዲስተካከል ጠየቁ። ሊወክል የተመረጠ ሰው ከሚወክላቸው መካከል ከወጣ የሰው ሀብት ክፍሉ ከማን ጋር ይነጋገራል? በኢትዮጵያ በኩል የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የማኅበር አባልነትን፣ ቅሬታ ማቅረብን፣ ብሔርን፣ ጾታን፣ ሃይማኖትንና እርግዝናን ለስንብት በቂ ምክንያት እንዳይሆኑ በግልጽ ዘርዝሯል። አፈጻጸሙ ሌላ ጉዳይ ቢሆንም ጽሑፉ ለባለሙያው መከታ ይሆነዋል።

የጦር ሰፈሮቹ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። አሜሪካኖች ከ2002 ወዲህ ካምፕ ሌሞኒየ ውስጥ አሉ። ምግብ፣ ጽዳት፣ ጥገናና የመሳሰለው ሥራ የሚሠራው በኮንትራክተር ነው፤ ኮንትራቱ በየጥቂት ዓመቱ እጅ ይለውጣል። በ2013 እንዲህ ያለ ለውጥ ሲደረግ ሥራቸውን ያጡ ጅቡቲያውያን ተቃውሞ አሰሙ። ዓመታት ያገለገለ ወጥ ሠሪ ማክሰኞ የአንድ ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ረቡዕ አዲሱ ድርጅት «አናውቅህም» ይለዋል። በ2014 የጦር ሰፈሩ የኪራይ ውል ታደሰ፤ የአሜሪካ ምክር ቤትም ለጦር ሰፈሩ የሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ከጅቡቲ ቢሆን ቅድሚያ የሚሰጥበትን ሕግ አጸደቀ። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የአገልግሎት ዘመንን ከአንዱ አሠሪ ወደ ሌላው የሚያሻግረው በትክክል የተጻፈ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። ሥራውን፣ ዘመኑንና ደመወዙን የያዘ ደብዳቤ መስጠት ችሮታ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሕግ ግዴታ አድርጎታል።

በከተማዋ ቤቶች ውስጥ የሚሠሩት ኢትዮጵያውያን ሴቶች ይህንንም አያገኙም። ብዙዎቹ ድንበር የተሻገሩት በራሳቸው መንገድ፣ ሥራ ያገኙት በደላላ ወይም በአገር ልጅ ነው። ውሉ በቃል ነው፤ ማኅደር የላቸውም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲ ከሠራተኛዋ የአገናኝ ክፍያ እንዳይወስድ ቢከለክልም ኤጀንሲ በሌለበት ቦታ ማንን ይጠይቃል?

አሁን ጥያቄው ወደ ባቡሩ ዞሯል። የመጀመሪያው ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ነው። ኩባንያው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ሆኖ ሲኖር የአስተዳደሩ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ሐዲዱ ዳር የሚሠራው ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ይናገራል፤ ስለ ደመወዙና ስለ ጡረታው የተጻፈው ግን እሱ በማያነበው ቋንቋ ነበር። በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ድርሻው የኢትዮጵያ 75፣ የጅቡቲ 25 በመቶ ሲሆን ለስድስት ዓመት ያህል ያንቀሳቀሱት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። በእነዚያ ዓመታት አሠልጣኙ ቻይናዊ፣ ሠልጣኙ ኢትዮጵያዊ ወይም ጅቡቲያዊ ነበር፤ ብቁ ነህ፣ አይደለህም የሚለውም ቃል በአስተርጓሚ ያልፍ ነበር።

በግንቦት 2024 አስተዳደሩ ለሁለቱ አገሮች ተላልፏል። ከዚህ በኋላ ማን ባቡር ነጂ ሆነ፣ ማን ወደ ጣቢያ ኃላፊነት አደገ፣ ማን በምን ጥፋት ተቀጣ የሚለውን «ቻይናዎቹ ናቸው የወሰኑት» ብሎ ማለፍ አይቻልም። በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት የሥራ ሕጎች ይሠራሉ፤ ድንበር ላይ ያለችውን ደወሌን ሲያልፉ ሕጉ ይለወጣል። ናጋድ ጣቢያ ያለው ጅቡቲያዊና ለቡ ያለው ኢትዮጵያዊ የሥራ ባልደረባው በአንድ መስፈርት መለካታቸውን ማሳየት ያለበት የኩባንያው የሰው ሀብት ክፍል ነው። የዕድገት መስፈርቱ በፈረንሳይኛም በአማርኛም ተጽፎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መዋል፣ የቅጣት ደብዳቤውም ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ መድረስ አለበት፤ ይህ ለመጀመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ የማያሻው ሥራ ነው።